ትሮትል ቦዲ ከታጠበ በኋላ የተረበሸ ሚኒሞ (አውቶማቲክ ቪትዝ)

ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ታጥቦ ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ እስከ 1,500 ዙር ወጥቶ ይወርዳል፤ ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ተይዞ ሲቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። የቼክ ኢንጂን መብራት አልበራም።

ካንዴላ መቀየር ለውጥ አላመጣም፤ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን ቦቢናዎች ማቀያየርም እንዲሁ። ስካነርም ምንም የብልሽት ኮድ አላገኘም።

ነገሩ ያለው የሞተሩ ኮምፒውተር በለመደው ላይ ነው። ትሮትል ቦዲው ላይ የተጠራቀመው ጥቀርሻ አየር ሲዘጋበት ቢራቢሮዋን (አየሩን የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ክዳን) ትንሽ ከፈት አድርጎ ማካካስ ለምዷል። ጥቀርሻው ሲጸዳ ያው ክፍተት ከልክ በላይ አየር ያስገባል።

ችግሩን የፈታው ይህ ነው፦ መኪናው ጠፍቶ የባትሪውን ነጋቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቶ 15 ደቂቃ መተው (ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ)። መልሶ ካሰሩ በኋላ ኤሲ፣ መብራትና ሬዲዮ አጥፍቶ፣ ፒ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ማስነሳት። የራዲያተሩ ቬንትሌተር እስኪዞር ጠብቆ 10 ደቂቃ መጨመር። ቀጥሎ ኤሲ ከፍቶ 5 ደቂቃ፤ ከዚያ ፍሬን ይዞ ዲ ላይ ሌላ 5 ደቂቃ። መጀመሪያ ላይ ቢንቀጠቀጥም ፔዳሉን አትንኩ፤ መላው ልፋት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ይህም ካላስተካከለው የትሮትሉን ጋስኬት (ማሸጊያ) እና የቫኪዩም ቱቦዎቹን እዩ፤ አየር የሚያስገባ ቦታ ካለ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ሚኒሞ ሊለምድ አይችልም።