ግዙፍ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አካፋይ ሳይፈልጉ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ብዙዎች ፕራይም በሚለው ስሙ ያውቁታል። በትምህርት ቤት የለመድነው መፈተኛ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እያካፈሉ መሞከር ነው። ለትንሽ ቁጥር ይበቃል። ፈረንሳዊው ኤዱዋርድ ሉካስ ግን እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ 39 አሃዙ 170141183460469231731687303715884105727 ብቸኛ መሆኑን ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን አረጋግጧል። በማካፈል ቢሞክር ኖሮ ዕድሜው አይበቃውም ነበር። ዘዴውን በኋላ አሜሪካዊው ሌመር አቅልሎታል፤ እርሳስና ወረቀት ካለዎት ዛሬውኑ ሊሠሩት ይችላሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ይምረጡ። ዘዴው የሚያገለግለው ሜርሰን ለተባሉት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ እነዚህም ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ የምናገኛቸው ናቸው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛና ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፤ አለበለዚያ መፈተኑ ከንቱ ድካም ነው። እኛ 7 ሁለቶችን እንውሰድ፦ ብዜታቸው 128፣ 1 ሲቀነስ 127።

ከ4 ይነሱ። ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፣ 2 ይቀንሱ፣ ለ127 አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ። በቀሪው ላይ ያንኑ ይድገሙ። ድግግሞሹ ከሁለቶቹ ብዛት በ2 ያንሳል፤ ለእኛ 5 ጊዜ ማለት ነው። መነሻው 4 እንደ አንድ ዙር አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዙር 14 እናገኛለን። 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 194፣ ቀሪው 67። ከ67 ደግሞ 4487፣ ቀሪው 42። ከ42 1762፣ ቀሪው 111። አሁን 111ን በራሱ ማባዛት አያስፈልግም። 111 ከ127 የሚያንሰው በ16 ስለሆነ በእርሱ ፋንታ 16ን ይጠቀሙ፤ የሚገኘው ቀሪ አይለወጥም። 16 በራሱ 256፣ 2 ሲቀነስ 254፤ ይህም የ127 እጥፍ ነው። ቀሪው 0 ሆነ! የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ያለጥርጥር ብቸኛ ነው።

በ11 ሁለቶች ከተገኘው 2047 ጋር ቢሞክሩት ከ9 ዙር በኋላ የሚቀረው 1736 ነው። ስለዚህ 2047 ብቸኛ አይደለም፤ በእርግጥም የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ልብ ይበሉ፣ ፈተናው 23ንም ሆነ 89ን አልነገረንም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ቁጥሩ አካፋይ እንዳለው በእርግጠኝነት እናውቃለን፣ አካፋዩን ግን አላየነውም። በ67 ሁለቶች የሚገኘውን ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ሉካስ በዚያው በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አሳይቶ ነበር። አካፋዮቹ 193707721 እና 761838257287 መሆናቸውን አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ይፋ ያደረገው ግን በ1903 ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው፣ እስከዚያ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ከ136279841 ሁለቶች የተገኘ ሲሆን 41024320 አሃዞች አሉት። እርሱም በኮምፒውተር የተረጋገጠው በዚሁ ሂሳብ ነው። የመጨረሻ አሃዙን ግን እርስዎም ማግኘት ይችላሉ። ሁለቶችን ስናባዛ የመጨረሻው አሃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል። 136279841 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ብዜቱ በ2 ያበቃል፤ 1 ሲቀነስ ቁጥሩ በ1 ያበቃል።