የኤሌክትሪክ መስመር በሰፈራችሁ ሊያልፍ ነው? ከችካሉ ጀምሩ

መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ነበር። ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ ጥግ ተተክሏል፤ ጎኑ ላይ 43 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። የውሃ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው ብዬ አለፍኩት። ከአምስት ወር በኋላ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በሰፈራችን አናት ላይ እንደሚያልፍ ሰማን። ጥናቱ አልቆ ነበር፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሊዘጋም 11 ቀን ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊነት ሁለት ዓመት ተሟግቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰፈር እነዚያን አምስት ወራት እንዳያጣ ነው።

ችካል ካያችሁ ያንኑ ዕለት ፎቶ አንሱት። አትንቀሉት፤ ከተነቀለ ወሬው ሁሉ ከመስመሩ ወደ ነቃዩ ይዞራል። ቁጥሮቹን እየተከተላችሁ ሂዱ። እኛ ከ38 እስከ 51 በእግራችን ሄደን በአንድ ቅዳሜ የመስመሩን አቅጣጫ ራሳችን ወረቀት ላይ አሰፈርነው። ከዚያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መስመሩ ስንት ኪሎ ቮልት ነው፣ በአማራጭነት የተጠኑት ሌሎች አቅጣጫዎች የትኞቹ ናቸው፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውስ የት አለ። ቮልቴጁን ሳያውቁ መከራከር ከንቱ ድካም ነው። ባለ 15 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ መስመር በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ይሄዳል፤ ባለ 400ው ግን 50 ሜትር ገደማ የሚደርስ የብረት ማማ ሊፈልግ ይችላል። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው። ደብዳቤ ስታስገቡ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳታስጽፉ እንዳትወጡ።

ቀጥሎ ሜትር ያዙ። ርቀቱን ከማማው ሳይሆን ከመስመሩ መሐል ለኩ። ሽቦው በሁለት ማማዎች መካከል ይረግባል፤ ሙቀት ሲበረታና ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ተለጥጦ ይበልጥ ዝቅ ይላል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ማማው ሩቅ ስለሆነ ብቻ ተረጋጉ ብትባሉ እሺ አትበሉ። እኛ ከችካል ችካል ሲባጎ ወጥረን፣ ከሲባጎው እስከ እያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ለካን። ካርታው ላይ ባዶ ቦታ የተባለው ሁለት መኖሪያ ቤትና የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ሆኖ ተገኘ። ለካ ካርታው የተሠራበት የአየር ፎቶ ቤቶቹ ሳይሠሩ የተነሣ ኖሯል። ይቺ አንዲት ግኝት ካሰባሰብነው ፊርማ ሁሉ በላይ ሠራችልን፤ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ራሱ መጥቶ ሲባጎውን አይቶ ዝም አለ።

ስለ ጤና ስትናገሩ በጣም ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ስብሰባችን አንድ አባት ተነሥቶ «ልጆቻችንን ካንሰር ልታስይዙ ነው» አለ። መሐንዲሱ በሁለት ደቂቃ መለሰለትና የሰውየው ጭንቀትም የእኛም ጥያቄ አብሮ ተዘጋ። የታወቀው ይህ ነው፦ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ከኃይል መስመር የሚወጣውን መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። መነሻው በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) በላይ ባለበት ቤት በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር በርከት ብሎ መታየቱ ነው፤ ምክንያቱ መስኩ ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አልተገኘም። መሐንዲሱ የሚጠቅስላችሁ ዓለም አቀፍ ገደብ ደግሞ በመስመሩ ለሚሄደው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በ2010 የወጣው 200 ማይክሮ ቴስላ ነው፤ እሱም ወዲያውኑ የሚደርስ ጉዳትን ለመከላከል የተቀመጠ ነው። ስለዚህ «በሽታ ያመጣል» ከማለት «መስኩ በርቀት በፍጥነት ስለሚቀንስ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ይራቅልን» በሉ። ሁለት ሰርኪዩት (ራሳቸውን የቻሉ ሁለት የሽቦ ስብስቦች) በአንድ ማማ የሚሸከም መስመር ከሆነ ደግሞ በአንደኛው በኩል የፌዞቹ (የሦስቱ ሽቦዎች) ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ጠይቁ፤ የአንዱ መስክ የሌላውን በከፊል ያጠፋዋል፣ በአዲስ መስመር ላይ ወጪውም ኢምንት ነው። ይህን ጥያቄ ስናቀርብ ነው ከምር ያዳመጡን።

«መሬት ውስጥ ይቀበር» ማለት ደስ ይላል። ግን ለከፍተኛ ቮልቴጅ ወጪው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሲበላሽም ጥገናው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከኬብሉ በላይ ቤት አይሠራም፣ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍም አይተከልም። ስልሳ ኪሎ ሜትር ይቀበር ብትሉ በአንድ ቃል ይመልሷችኋል። እኛ 900 ሜትር ብቻ ጠየቅን። ባናገኘውም ውይይቱን ከፈተልን። መንግሥታትም ሐሳባቸውን የቀየሩበት ጊዜ አለ፦ ጀርመን ከነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ በኋላ በ2015 ባወጣችው ሕግ ጅረቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስባቸው ረጃጅሞቹ የቀጥተኛ ጅረት መስመሮች በቅድሚያ መሬት ውስጥ እንዲቀበሩ አደረገች። በኖርዌይ ሃርዳንገር በሚባል አካባቢ ግን በ2010 ከፍተኛ ተቃውሞ የተነሣው በማማ ለሚያልፍ መስመር ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነበር። የባሕር ሥር ኬብል በድጋሚ ተጠና፤ በዓመቱ መንግሥት ወደ ማማው ተመለሰ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። መስመሩ ከእኛ ላይ ቢነሣ የሚያርፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። የመጀመሪያው ረቂቃችን «ወደ ምሥራቅ ይዙር» የሚል ነበር፤ ምሥራቅ ማለት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ነው። ይህን ሳነብ አንዲት አረጋዊት የኮሚቴ አባል «ልጄ፣ እነሱስ ልጅ የላቸውም?» አሉኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት። በማግስቱ ወንዙን ተሻግረን ሽማግሌዎቻቸውን አነጋገርን። ችካሉን እነሱም እንደ እኛ ምንነቱን ሳያውቁ ነው ያዩት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የሁለት ሰፈር ሆነ፦ መስመሩ ቀድሞ ያለውን የመኪና መንገድ ተከትሎ ይሂድ። ሁለት ሰፈር አንድ ካርታ ይዞ ሲቀርብ እናንተን ከእነሱ ጋር አጋጭቶ መገላገል አይቻልም። በርዝመቱ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጨመረ፤ በዚያ መንገድ ዳር ግን መኖሪያ ቤት የለም።

በየበሩ እየዞሩ የካሳ ወረቀት የሚያስፈርሙ ይመጣሉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። የመተላለፊያ መብት ከሰጣችሁ በዚያ መሬት ላይ ቤት መሥራትና ረጅም ዛፍ መትከል ይቀራል፤ ጥገና ሠራተኞችም ባሻቸው ሰዓት ይገባሉ፤ ይዞታውን ለሌላ ብታስተላልፉት ግዴታው ተቀባዩን ተከትሎ ይሄዳል።

መስመሩ ዛሬ መንገዱን ተከትሎ ቆሟል። ቁጥር 43 የነበረበት ጥግ ላይ ልጆች አሁንም ይጫወታሉ። መታጠፊያው ላይ ያለችው የእርሻ መሬት ግን ማማ አርፎባታል፤ ባለቤቷ በስብሰባዎቻችን ላይ አልነበረችም፣ ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ማንም ሄዶ አልነገራትም። እናንተ ሲባጎውን ስትወጥሩ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሂዱና እዚያ ያለውን በር አንኳኩ።