ፋፍሳ ስንሞላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ወዳጄ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ላፕቶፑ ከረከቦቱ አጠገብ ተከፍቷል። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለነበረች አባት "እኔው ልጨርስላት" ብሎ የኮሌጅ ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ፣ ፋፍሳ ውስጥ በእሷ ፓስወርድ ገባ። ስለ ትዳር ሲጠየቅ "ያገባ" የሚለውን ነካ። ከዚያ በኋላ ቅጹ ስለ ወላጅ መጠየቁን እርግፍ አድርጎ ተወ። "ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ!" ብሎ ደስ አለው። ለካ የተጠየቀው ስለ ልጅቷ ነበር። የ17 ዓመት ልጁን ሳያስበው ዳራት።

ያገባ ተማሪ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር ነው የወላጅ ገጾቹ የጠፉት። በተማሪው ክፍል ውስጥ ቅጹ "ዩ" (አንተ፣ አንቺ) ሲል ሁልጊዜ ተማሪዋን ነው፣ የሚሞላው ማንም ይሁን ማን።

ለማያውቀው፣ ፋፍሳ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ ድጋፍ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው። የማይመለሰው ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ብድሩም፣ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራም በዚሁ ቅጽ ነው። ብዙ ስቴቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን እርዳታ የሚያድሉት ይህንኑ አይተው ነው። እኔ ለዘመድ ለጎረቤት ስሞላ እንደታዘብኩት፣ የሚያስቸግረን እንግሊዝኛው አይደለም። ጥያቄውን በእኛ ቤት ልማድ መመለሳችን ነው። እኛ "ወላጅ" የምንለውና ቅጹ "ወላጅ" የሚለው አይገናኙም። "ሀብት"ም እንደዚያው።

አክስትን ወላጅ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ መጣ፣ ያሳደገችው አክስቱ ናት። ትምህርት ቤት የምትጠራው እሷ፣ ሐኪም ቤት የምትወስደው እሷ። ልጁም "እማዬ" ነው የሚላት። ታዲያ የወላጅ ቦታ ላይ ስሟን ቢጽፍ ምን ይገርማል?

ቅጹ ግን አክስትን፣ አጎትን፣ አያትን፣ ታላቅ ወንድምን ወላጅ አይልም። በሕግ ልጅ አድርጋ ካልወሰደችው በቀር ገቢዋ አይጻፍም። በፍርድ ቤት አሳዳጊ ተብላ ከተሾመች ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ልጁ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፣ የማንም ወላጅ ገቢ አይጠየቅም። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ እናትም አባትም የሌለው ሆኖ ያውቅ እንደሆነም እንዲሁ። ዘመድ በቃል "አንቺ አሳድጊው" ማለቱ ግን ወረቀት አይሆንም።

ወላጆቹ በሕይወት ኖረው ኢትዮጵያ ካሉስ? ያው ወላጆቹ እነሱ ናቸው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ባይኖራቸውም ቅጹ ውስጥ የሚገቡበትን አካውንት መክፈት ይችላሉ። ገቢያቸው ከብር ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። የት እንዳሉ የማይታወቅ ከሆነ፣ ወይም እነሱን ማግኘት ለልጁ አደጋ ከሆነ፣ ቅጹ ላይ ይህን የሚጠይቅ ቦታ አለ። ከዚያ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አይቶ ይወስናል። አክስትየዋ የምትጽፈው ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ ወይም የቤተ ክርስቲያን አባት ምስክርነት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

"ከአባቴ ጋር አልስማማም፣ ብር አይሰጠኝም" ማለት ግን ራስን አያስችልም። ከ24 ዓመት በታች ያለና ያላገባ ተማሪ ለብቻው ቢኖርም፣ የራሱን ኪራይ ቢከፍልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ መረጃ ያስፈልገዋል።

ወላጆች ከተፋቱ ደግሞ የሚሞላው የግድ ልጁ አብሮት የሚኖረው አይደለም። ባለፉት 12 ወራት ልጁን በገንዘብ ይበልጥ የደገፈው ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ስለዚህ የታላቅ እህቱን ቅጽ አይታችሁ አትሙሉ።

አንድ ኢሜይል ለመላው ቤተሰብ

ልጆች ፈጣን ናቸው። የእናታቸውን አካውንት በራሳቸው ስልክ ከፍተው፣ ፈርመውላት ይጨርሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ስልክ ይቀየራል፣ ኮዱ ወደ ድሮው ቁጥር ይሄዳል፣ ቤቱ ይታመሳል። ተማሪም ወላጅም ለየራሱ አካውንት፣ ለየራሱ ኢሜይል ይኑረው። ፊርማውም የየራሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት አባትም ከልጁ ጎን ተቀምጦ የራሱን ክፍል በራሱ አካውንት መሙላት ነበረበት። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ካስገቡ የአንዳቸው አካውንት ይበቃል፣ ለየብቻ ካስገቡ ሁለቱም ይገባሉ።

የታክስ መረጃ ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ከአይ አር ኤስ እንዲመጣ ፈቃድ የሚጠየቅበት ገጽም አለ። አንዳንድ አባት "ገቢዬን ለማንም አላሳይም" ብሎ እምቢ ይላል። አይ አር ኤስ እኮ ድሮውንም ያውቀዋል! ፈቃዱ ከተከለከለ ልጁ የፌዴራል እርዳታ ጨርሶ አያገኝም። ታክስ ያላስገባ ሰው እንኳ መፍቀድ አለበት።

ስምና ልደት

ስም የሚጻፈው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ነው። "ኃይለማርያም" ካርዱ ላይ ሁለት ቃል ከሆነ ሁለት፣ አንድ ከሆነ አንድ። ልደት ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መዝገብ ላይ እንዳለው ነው። አንዲት እናት ሰነዳቸው ላይ ያለው ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ተሳስቶ የገባ ነበር። ቅጹ ላይ እውነተኛውን ልደታቸውን ጻፉ። እውነት ተናግረው ኮምፒዩተሩ አላምን አላቸው። ለዚህ ቅጽ ልደታችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ የሚያውቀው ቀን ነው።

ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ መረጃችሁን አሳድሱ። እዚያ ያለው መዝገብ አሁንም ግሪን ካርድ የሚል ከሆነ ኮሌጁ የዜግነት ወረቀት አምጡ ማለቱ አይቀርም።

ሀብት ሲባል

የምትኖሩበት ቤት አይቆጠርም። 401ኬና ሌላው የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። ስንቱ ሰው ግን የቤቱን ዋጋ ጽፎ ልጁን የሀብታም ልጅ አድርጎታል! በተቃራኒው አዲስ አበባ ያለው ቤት ይቆጠራል፣ የምትኖሩበት አይደለማ። ዕዳ ካለበት ዕዳው ይቀነስለታል።

የባንክ ገንዘብ የሚጻፈው ቅጹ በሚፈረምበት ቀን ያለው ነው። እቁብ ትናንት ወጥቶላችሁ ባንክ ካስገባችሁት እሱም አለበት። በዚያ ብር የቆየ ዕዳ ልትከፍሉ ከነበረ መጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ ሙሉ። ገንዘብ በልጅ ስም ማስቀመጥም እዚህ ጋ አያዋጣም። ከልጁ ቁጠባ 20 በመቶው ለኮሌጅ እንደሚውል ይታሰባል፤ ከወላጅ ግን ቢበዛ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም።

"ለእኛ አይሆንም" ብሎ መተው

ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ መሙላት ይችላል። ጥገኝነቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ ያለው ለፌዴራሉ ብቁ አይደለም። ሆኖም እንደ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ያሉት የራሳቸው መንገድ አላቸውና ኮሌጁን ጠይቁ። ወላጅ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረውም ዜጋ የሆነውን ልጅ አይከለክለውም።

ቀኑን ማሳለፍ፣ ለመሙላት መክፈል

ቅጹ በየዓመቱ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የፌዴራሉ ቀነ ገደብ ሩቅ ነው፣ ሰው የሚዘናጋውም በእሱ ነው። የስቴትና የኮሌጅ ገንዘብ ግን ቀድሞ ያልቃል፤ ሜሪላንድ ለምሳሌ ማርች 1ን ነው የምትጠቀመው። በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ለሚሞላላችሁ ሰው መክፈል አያስፈልግም፣ የፋፍሳ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ "ፍሪ"፣ "ነፃ" ማለት ነው።

ልኮ መርሳት

ሰብሚት ከተባለ በኋላ ኮሌጁ ተጨማሪ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። መልእክቱ የሚመጣው ልጁ በማይከፍተው የኮሌጅ ኢሜይል ነው። እስኪመለስ ድረስ እርዳታው እንደቆመ ይቀራል።

ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ያጣ፣ ሰዓት የተቀነሰበት ካለ ቅጹ አያውቅም። የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ደብዳቤና ማስረጃ ስጡ፣ እንደገና አስሉልን በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሥራቸው ነው።

በመጨረሻ የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ ድምሩን አይታችሁ እልል አትበሉ። ግራንቱና ብድሩ እዚያው አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ተደርድረው ነው የሚመጡት። በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር 5,500 ዶላር ይደርሳል፣ ከእሱ ውስጥ በትምህርቱ ጊዜ ወለዱን መንግሥት የሚችለው ቢበዛ 3,500ው ነው። እስክሪብቶ ያዙና "ሎን" የሚለው ሁሉ ላይ አስምሩበት። ከዚያ የቀረውን ደምሩ።