በወይን ግንድ ላይ እባጭ የሚያወጣውን ባክቴሪያ እንዴት መለየት ይቻላል?

በወይን ግንድ ግርጌ ወይም ችግኙ በተዳቀለበት መጋጠሚያ ላይ የሚወጣ እባጭ ክራውን ጎል የተባለውን በሽታ ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ ቁስል ሲሽር የሚወፍረው ጠባሳም ሊያሳስት ይችላል። በወይን ላይ በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው አሎሪዞቢየም ቪቲስ ነው። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 አግሮባክቴሪየም ቪቲስ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ እስኪሆን ድረስ ባዮቫር 3 (በባሕርይው ከሌሎቹ የሚለይ ንዑስ ቡድን) በሚል ይታወቅ ስለነበር፣ የቆዩ መመሪያዎችን የሚያነብ ሰው ስሞቹ እንዳያደናግሩት ይጠንቀቅ።

ናሙና የሚወሰደው እባጩ ገና ለስላሳና ነጣ ያለ ሳለ ነው፤ ጠቁሮ ከደረቀ በኋላ ሕያው ባክቴሪያ ማግኘት ያስቸግራል። እባጩ ታጥቦ፣ ላዩ በተበረዘ በረኪና ጸድቶና ከጀርም በጸዳ ውሃ ተለቅልቆ ሲያበቃ፣ የውጩ ሽፋን ተገፍፎ ውስጡ ይከተፋል። የተከተፈው ክፍል በጥቂት ንጹሕ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ ውሃው አርኤስ በተባለው መራጭ ማብቀያ (ተፈላጊውን ባክቴሪያ አሳድጎ ሌሎቹን የሚገታ ምግብ) ላይ ተሰምሮ (በቀጫጭን መስመር ተቀብቶ) በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ከቀናት በኋላ መሃላቸው ቀይ፣ ጠርዛቸው ነጭ ሆኖ የሚታዩት ኮሎኒዎች (በዓይን የሚታዩ የባክቴሪያ ክምችቶች) ተጠርጣሪዎቹ ናቸው፤ ደጋግመው ተሰምረው ከሌሎች ባክቴሪያዎች ካልጠሩ ግን ቀጣዩ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ዝርያውን ለመለየት፣ አሎሪዞቢየም ቪቲስ ታርትሬትን (የታርታሪክ አሲድ ጨውን) ለምግብነት መጠቀሙን (ወይን በታርታሪክ አሲድ የበለጸገ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ አያስገርምም)፣ የተክል ሕዋሳትን የሚያያይዘውን ፔክቲን የሚሰብር ኢንዛይም ማመንጨቱንና የቅርብ ዘመዱ ባዮቫር 1 የሚያመርተውን ኪቶላክቶስ (ከወተት ስኳር የሚሠራ ውህድ) አለማምረቱን ማየት ይጠቅማል። ይሁንና ዝርያው መታወቁ በሽታ አምጪነቱን አያሳይም። እባጭ የማውጣት ችሎታው ያለው ቲአይ በተባለው ፕላዝሚድ (ከዋናው ክሮሞሶም ተለይቶ የሚገኝ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ ሲሆን፣ ፕላዝሚዱ የሌላቸው ምንም ጉዳት የማያደርሱ የዚሁ ዝርያ ባክቴሪያዎች በወይን ላይ በብዛት ይኖራሉ።

በፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍልን አባዝቶ በሚያሳይ) ምርመራ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የሚፈለገውን ዘረመል በመምረጥ ነው። አይፒቲን የመሰሉ በፕላዝሚዱ ላይ ያሉ ዘረመሎች ወደ ተክሉ ሕዋስ ገብተው የሚቀሩ በመሆናቸው፣ ምርመራው በቀጥታ በእባጩ ላይ ከተሠራ ባክቴሪያው በሌለበትም አዎንታዊ ውጤት ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ተክሉ የማይተላለፈውን ቪርዲ2 የተባለ የፕላዝሚዱ ዘረመል መፈለግ ይሻላል። ምልክት በሌለው ቁርጥራጭ ላይ የሚገኝ አሉታዊ ውጤትም ተክሉን ንጹሕ አያሰኝም፤ ባክቴሪያው በተክሉ ውሃ አመላላሽ ቱቦዎች ውስጥ ተበታትኖ ስለሚኖር ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ በሕያው ተክል ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። የቲማቲም ወይም የሱፍ አበባ ችግኝ ግንድ በጸዳ መርፌ ተወግቶ ባክቴሪያው ይቀባል፤ ለማነጻጸሪያም ሌላ ችግኝ ተወግቶ ውሃ ብቻ ይቀባል። ለሳምንታት መጠበቅ ያሻል። አንዳንድ የወይን ባክቴሪያዎች ግን በሌላ ተክል ላይ እባጭ ስለማያወጡ፣ ሙከራውን በወይን ችግኝም ላይ አብሮ መሥራት ግድ ነው፤ እባጭ ከወጣም ባክቴሪያው ከዚያው እንደገና ተለይቶ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳከራል።