በሳይንስ ሙዚየም በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የሚያመለክቱ ታዳጊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲቃረብ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ የሚማሩ ብዙ ታዳጊዎች ችግኝ በመትከልና የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰማራሉ። ከእነርሱ መካከል ልባቸው ወደ ሳይንስ የሚያደላ አሉ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር የተመረቀውን የአዲስ አበባ የሳይንስ ሙዚየም ወይም ሌላ መሰል ተቋም አስበው፣ ጥሪ ሲወጣ ለማመልከት የሚዘጋጁ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእነርሱ ነው። ተማሪዎች እንዳርምላቸው በሚያመጧቸው ማመልከቻዎች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት፣ ሙዚየሙ የሚፈልገው ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው ከሚል ግምት ነው። ሙዚየም ከበጎ ፈቃደኛ የሚጠብቀው ግን ከጎብኚው አጠገብ ቆሞ ነገሩን በራሱ ዓይን እንዲያስተውል እንዲያግዘው ነው። ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ የመሠረተው ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው የሳይንስ ሙዚየም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአስረጂነት በአዳራሹ የሚያሰማራውም ለዚሁ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ደብዳቤውን በደረጃና በውጤት መሙላት ነው። «ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስን በጣም እወዳለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም፣ ሌሎቹም አመልካቾች ስለሚጽፉት መራጩ በእርሱ ማንንም ከማንም መለየት አይችልም። የወሎ ልጅ ግን የሚጽፈው ነገር በደጁ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት የባቄላ ንፍሮ ደሴ ላይ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤቷ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሳ በራሷ ቤትና ኮምቦልቻ ባለችው አክስቷ ቤት የፈላ ውሃ ለክታ፣ ያገኘችውን ቁጥር፣ ነገሩን ለታናሽ ወንድሟ እንዴት እንዳስረዳችውና እርሱ የጠየቃትን፣ እርሷም መመለስ ያቃታትን ጥያቄ ጨምራ በአንድ አንቀጽ ብትጽፍ፣ ከአሥር የምስክር ወረቀት የበለጠ ይመሰክርላታል። በተለይ ያልተመለሰውን ጥያቄ መጻፏ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያዳምጥ አስረጂ መሆኗ የሚታወቀው በእርሱ ነውና።

ለቃለ መጠይቅ መልስን በቃል አጥንቶ መሄድም እንዲሁ ይጎዳል። መራጮች ብዙ ጊዜ «የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ ብለህ አስበኝና ይህን አስረዳኝ» ይላሉ። ርእሱ የፀሐይ ግርዶሽ ቢሆን፣ በቃል ያጠናው አመልካች «የፀሐይ ግርዶሽ ማለት» ብሎ የመማሪያ መጽሐፉን ፍቺ ይጀምራል፤ ሕፃኑም በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የሚያውቅ ታዳጊ፣ አስቀድሞ ልጁን «ፀሐይ ቀለበት መስላ አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሊጠይቀው፣ ቀጥሎም ሳንቲም አስይዞት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳ ላይ በተሳለ ክብ እንዲያነጣጥር ሊያደርገው ይችላል። ሳንቲሙ ለዓይኑ ሲቀርብ ክቡን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ እየራቀ ሲሄድ ግን የክቡ ጠርዝ በዙሪያው ብቅ ይላል። በዚያን ዕለት ጨረቃ ከመሬት ራቅ ብላ ስለነበረች ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አለመሸፈኗን ልጁ በገዛ እጁ ይደርስበታል። ይህን መለማመጃ ሥፍራ አይጠፋም፤ የሰፈር ልጆች ይበቃሉ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው፣ «አላውቅም» ማለትን ፈርቶ መጨመር ነው። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንክነሽ የተገኘችበት ሐዳር ዛሬ በአፋር ክልል ቢገኝም በዚያን ጊዜ አከፋፈል በወሎ ሥር ስለነበረ፣ የእኛ ልጆች ስለ እርሷ ሲናገሩ ኩራት ይሰማቸዋል፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙሉ አጽሟ እንደ ተገኘ አድርጎ መናገር ስህተት ነው፤ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። በብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚታየውም ቅጂው ሲሆን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ዋናው ቅሪተ አካል በጥንቃቄ ተቀምጧል። የማያውቁትን ሲጠየቁ «እርግጠኛ አይደለሁም፤ አብረን እንፈልገው» ማለት የሚያስመርጥ እንጂ የሚያስጥል መልስ አይደለም።

ቋንቋን አሳንሶ ማየት በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። ከከሚሴ የመጣ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ተማሪ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብሎ ሲጨነቅ ሁለቱን ቋንቋዎቹን በቅጹ ላይ ሳይጠቅስ ይቀራል። ከየክልሉ የሚመጡ የተማሪ ጎብኚዎች በሚያልፉበት አዳራሽ ይህ ከፍተኛ ጥቅም አለው፤ የምልክት ቋንቋ መቻልም እንዲሁ። ደብዳቤውን በታላቅ ወንድም ወይም በኢንተርኔት ካፌ ማስጻፍ ደግሞ በቃለ መጠይቁ ወዲያው ስለሚታወቅ፣ በራስ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ይሻላል።

የቀን አቆጣጠር ነገር ቀላል መስሎ ብዙ ያበላሻል። በ2002 ዓ.ም. የተወለደ ታዳጊ በፈረንጅ አቆጣጠር በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ያንኑ 2002 ቢጽፍ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ጨምሮ ስለሚታይ፣ ለታዳጊዎች ከተመደበው ቦታ ገና በማጣሪያው ሊወጣ ይችላል። ሰዓትም ሲጻፍ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» እንደሚባለው ክፍለ ቀኑ ይጠቀስ።

ወላጅን በመጨረሻው ቀን ማስፈረም ሌላው ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ አመልካች የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩ በፊርማ አያበቃም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ልጁ የት እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚቀበለውና የትራንስፖርቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከማመልከቱ በፊት ከእናትና ከአባት ጋር ሊመከርበት ይገባል። ማረፊያው ዘመድ ቤት ከሆነም የዘመዱ ስምምነት አስቀድሞ ይጠየቅ። ይህ የማይሆንላቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎች በሚያዘጋጇቸው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ማእከሎች ወይም በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ ልምዱን መጀመር ይችላሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሰጠው፤ የጻፉትን ማመልከቻ ቅጂም ያሳዩት። የሚያገለግሉበትን ሰዓት ሲገልጹ ደግሞ አይጋነን። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ በየቀኑ እመጣለሁ ብሎ ከሚቀር፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ብሎ ሳያጓድል ቢገኝ ይመረጣል። በመጨረሻም በቅጹ ላይ የሚሞላው ስልክ የራስ ካልሆነ፣ ባለ ስልኩ ከሙዚየሙ ሊደወል እንደሚችል ይወቅ፤ ማን እንደ ደወለና ለመቼ እንደ ቀጠረ ጽፎ እንዲያቆይም አስቀድሞ ይነገረው።