አማተር ሬዲዮ ስትጀምሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

አማተር ሬዲዮ ማለት ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው፣ ፈቃድ አውጥተው በራሳቸው ሬዲዮ እርስ በርስ የሚያወሩበት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። ሬዲዮ ገዝቶ፣ ትንሽ ቀን የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ "ይሄ ነገር አይሰራም" ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚጥለው ሰው ብዙ ነው። በጣም ያሳዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ምንም አልሆነም። ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ ፈቃድና አንቴና፣ ከዚያ ማውራት። ብዙዎቻችን ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን። ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ሆነው ለመጀመር ለሚያስቡ ወገኖች ነው፤ አገር ቤት ያላችሁም የሚጠቅማችሁ አታጡም።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይሰሙ መግዛት ነው። ጀማሪ ቶሎ እጁ የሚገባው እንደ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ያለ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ነው። መግዛቱ ክፋት የለውም። ችግሩ ከሱ የሚጠበቀው ነው። ይህ ሬዲዮ የሚሰራው ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ በሚባሉት ከፍ ያሉ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ነው፣ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራና ሕንፃ ያግደዋል። ሪፒተር በሚባል፣ ምልክቱን ተቀብሎ አጉልቶ በሚደግም ጣቢያ በኩል ከተማውን ሊያዳርስ ይችላል፣ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ግን አይደርስም። ውቅያኖስ የሚያሻግረው ኤችኤፍ ነው፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው፤ እዚያ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ታጥፎ ይመለሳል።

የትኛው እንደሚስባችሁ ለማወቅ ደግሞ አንድ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ኔዘርላንድ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፣ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የኤችኤፍን ጨዋታ በጆሯችሁ መስማት ትችላላችሁ። ገልፍ አገሮች፣ እስራኤል፣ አውሮፓ ወይም ኢትዮጵያ ያላችሁ ደግሞ ከላያችሁ የኳታር ኤስሃይል-2 ሳተላይት አለ። አማተሮች ኪውኦ-100 በሚሉት መሣሪያው ላይ ቀን ከሌሊት ያወራሉ፣ 10489.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ፤ ተራ የቲቪ ዲሽና ኤስዲአር የሚባለውን ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ መቀበያ ይዞ መስማት ይቻላል። ለተወሰኑ ሳምንታት ዝም ብላችሁ ስሙ። ሰው እንዴት እንደሚጠራራ፣ መቼ እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚሰናበት መጽሐፍ እንደዚያ አያስተምርም።

ፈቃድን "በኋላ እደርስበታለሁ" ማለት ሌላው ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሻን ይባላል። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ፤ ጥያቄዎቹም መልሶቹም አስቀድመው ለሕዝብ የወጡ ናቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍሲሲ፣ 35 ዶላር ያስከፍላል፣ ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ግን ቅጹን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፦ የምታስገቡት የፖስታ አድራሻ በይፋዊው መዝገብ ላይ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። የቤታችሁ አድራሻ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ ፖስታ ሳጥን ተጠቀሙ። ይህን የሚያውቁት ብዙዎቹ ካለፈ በኋላ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱ ሬዲዮ ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጎ መሄድ ደግሞ በፍጹም አይሞከር። የአሜሪካ ፈቃድ ብቻውን እዚያ አያሠራም፣ ፍሪኩዌንሲን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ገልፍም ያው ነው፤ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ መያዝ ራሱ ጣጣ ያመጣል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ሰው ከዚያ ሲጣራ ከየዓለሙ መልስ ይጎርፍለታል። አገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች ይህን ጣቢያ እንድታውቁት ከልቤ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አንቴና። ሰው ለሬዲዮ አንድ ሺህ ዶላር አውጥቶ ለአንቴና ሲሆን እጁ ያጥራል። እኔ ብሆን ገንዘቡን ገልብጬ ነው የማወጣው። የኤችኤፍ ዳይፖል እኮ ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። 142.5ን በሜጋኸርዙ ስታካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ታገኛላችሁ። ለ14.1 ሜጋኸርዝ 10.1 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ መሐል ላይ ለሁለት ተከፍሎ። መጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ከሰቀላችሁት በኋላ ምን ያህል ኃይል ከአንቴናው ተመልሶ እንደሚመጣ በሚያሳየው በኤስደብሊውአር መለኪያ እያያችሁ ከሁለቱም ጫፍ እኩል አሳጥሩ፤ አንዴ ያጠረ ሽቦ መልሶ አይረዝምም። ኬብሉንም አትናቁት። ቀጭኑ አርጂ-58 ለ7 ሜጋኸርዝ ብዙም አይጎዳም፣ 30 ሜትር ዘርግታችሁ በ440 ሜጋኸርዝ ከላካችሁበት ግን አብዛኛው ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል። አንቴና ሳይገጥሙ መላኪያውን መጫን ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ሽቦ ስትሰቅሉ ከመብራት መስመር ራቁ። ወድቆ እንኳን ሊነካው በማይችልበት ርቀት ይሁን። በዚህ ሰው ሞቶበታል።

ዲጂታሉ ላይ ስህተቱ ይበዛል። በተለይ ኤፍቲ8 ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት በሚላላኩበት ዘዴ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ ናቸው። ጆሮ ጭራሽ የማይሰማውን ደካማ ምልክት ኮምፒውተሩ ለይቶ ያወጣዋል፣ በትንሽ ኃይልና በመለስተኛ ሽቦ ከሰሜን አሜሪካ አፍሪካ መድረስ የሚቻለው ለዚህ ነው። ጣቢያዎቹ በ15 ሰከንድ ተራ ይላላካሉ። ስለዚህ የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከሳተ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፣ እናንተም ኬብል ስትነቃቅሉ ትውላላችሁ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ።

ቀጥሎ የድምፅ መጠን። ምልክቱ ከኮምፒውተሩ ወደ ሬዲዮው የሚሄደው በድምፅ ነው፣ ያንን እስከ መጨረሻ የከፈተ ሰው የተበላሸ ምልክት ይልክና ጎረቤቶቹን ሁሉ ይረብሻል። ሬዲዮው ላይ ኤኤልሲ የሚለውን፣ የገባው ድምፅ ሲበዛ የሚንቀሳቀሰውን መለኪያ እያያችሁ መንቀሳቀሱን እስኪያቆም ድረስ ቀንሱ። የኮምፒውተሩንም ማሳወቂያ ድምፆች ዝጉ፣ አለዚያ የቴሌግራም ጥሪያችሁ አየር ላይ ይወጣል። ኃይሉን 30 ዋት አካባቢ አድርጉት፤ በእያንዳንዱ ተራ ወደ 13 ሰከንድ ያለ ዕረፍት ስለሚልክ ሬዲዮው በሙሉ ኃይል ይግላል። ከላካችሁ በኋላ ፒኤስኬ ሪፖርተር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቡ። ማን የት እንደሰማችሁ ካርታ ላይ ያሳያችኋል፣ አንቴናችሁ ጥሩ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ኤፍቲ8 ላይ ሁሉም የሚያወራበት 14.074 ሜጋኸርዝ አሜሪካ ውስጥ ለቴክኒሻን አይፈቀድም፣ ቀጣዩን ጀነራል የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። 28.074 ግን ይፈቀድላችኋል፣ ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ደግሞ ያ ባንድ ድንቅ ነው። ኤፍቲ8 ላይ ወግ አትጠብቁ። ነፃ መልእክቱ 13 ፊደል ብቻ ነው፣ እሱም በላቲን።

የዲጂታል ድምፅ ሬዲዮ ስትገዙ "ዲጂታል" የሚለውን አይታችሁ ብቻ አትግዙ። ዲ-ስታር፣ ዲኤምአርና ያኤሱ የሚባለው የሬዲዮ አምራች የሚጠቀምበት ሲ4ኤፍኤም የተለያዩ ዘዴዎች ናቸው፣ በቀጥታ አይግባቡም። በአካባቢያችሁ ያሉት ሪፒተሮች የትኛውን እንደሚጠቀሙ አይታችሁ ግዙ። ዲኤምአር ላይ ከለር ኮድ፣ ታይም ስሎትና ቶክ ግሩፕ ከሚባሉት፣ ሬዲዮው ላይ ከሪፒተሩ ጋር እንዲገጥሙ ከምትሞሏቸው ቁጥሮች አንዱ ከተሳሳተ ዝምታ ብቻ ነው የምትሰሙት። የመልእክት መቆለፊያውንም አጥፉት፤ በአሜሪካ ሕግ አማተር ሚስጥራዊ በሆነ መንገድ ማውራት አይችልም።

ሰዓት ላይ እኛ ሐበሾች ከሌላው የባሰ እንሳሳታለን። ከማን ጋር መቼ እንዳወራችሁ የምትጽፉበት የሬዲዮ መዝገብ የሚያዘው በዩቲሲ፣ ማለትም ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ በአገራችን አቆጣጠር የምትሉት ሰዓት ላይ 3 ጨምሩ፦ ቀን 6 ሰዓት ማለት 09:00 ዩቲሲ ነው። ለምሽት መጀመሪያ 12 ጨምሩ፣ ከዚያ 3፤ ምሽት 2 ሰዓት 17:00 ይሆናል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። ዋሽንግተን ያላችሁ በሙቀቱ ወራት ከሰዓታችሁ ላይ 4፣ በብርዱ ወራት 5 ትጨምራላችሁ፣ ስለዚህ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 8 ላይ ያወራችሁት በመዝገብ የሚገባው በነገው ቀን ነው። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር፣ የኤአርአርኤል፣ የኢንተርኔት መዝገብ የሁለቱን ሰው ሰዓት እያመሳከረ ነው የሚያረጋግጠው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይቀበለውም። ልፋታችሁ ሳይመዘገብ ይቀራል።

የመጨረሻው የአነጋገር ሥርዓት ነው። በአማርኛ ማውራት ይቻላል፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ብዙ አማርኛ አየር ላይ ብንሰማ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከፈቃዱ ጋር የሚሰጣችሁን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ የጥሪ ምልክታችሁን፣ በእንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ነው፣ ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና ስትጨርሱ። ፊደሎቹን አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያላችሁ ጥሩ፤ ቢ እና ዲ በሬዲዮ አይለዩም። ሪፒተር ላይ የጥሪ ምልክታችሁን ሳትናገሩ ቁልፉን ጫን ለቀቅ አታድርጉ። ዕቃ መነገድ፣ ሙዚቃ መልቀቅ ክልክል ነው። ሌላው ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አትግቡ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ አስቸኳይ ነገር የገጠመው ሰው መግባት የሚችለው በዚያች ክፍተት ነው።