በጎጃም ደጋ በሞዴል አውሮፕላን ከሰማይ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ከአንድ ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ሲመለከት፣ በታረሰው መሬት መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያያል፤ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለም ሳይነገረው ያውቃል። ይኸው ደን ከላይ ሲታይ በቡናማ ማሳ ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ ክብ ይሆናል፤ በመካከሉም የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ያበራል። ይህን ምስል ለማግኘት ሁለት ሜትር ያህል የክንፍ ርዝመት ያለው የፎም አውሮፕላንና በኪስ የሚያዝ ካሜራ ይበቃሉ። ሆኖም ስለዚህ ሥራ የሚገኘው መመሪያ አብዛኛው የተጻፈው ቆላማ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ፣ እርሱን ቃል በቃል ተከትሎ በጎጃም ደጋ የሚያበር ሰው ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑን ይሰብራል።

ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4000 ሜትር ያልፋል። በመደበኛው ስሌት መሠረት የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳር ከፍታ በባሕር ጠለል ካለው 84 በመቶ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ 79 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በ4000 ሜትር ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ክንፉን ደግፎ የሚያነሣው አየር ስለሆነ፣ ያው አውሮፕላን ያንኑ ክብደት ተሸክሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ሳይወድቅ ለመቆየት 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት፤ ሲያርፍም ከመሬት ጋር የሚጋጭበት ጉልበት ከሩብ በላይ ይጨምራል። ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ ነገሩ ይብሳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ አንድ ሐቅ የሚመነጭ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ፈቃድ ያግኙ። ካሜራ የጫነ ሰው አልባ በራሪ የጸጥታ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያም ለወረዳውና ለቀበሌው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ በድልድይና በወታደር ሠፈር ላይ ፈጽሞ አይብረር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሰማይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ በብዙ የገጠር ቀበሌ ፍርሃት የሚያሳድር ሆኗልና፣ ወረቀት መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ባለማሳዎቹንና ጎረቤቶቹን ከበረራው በፊት ሰብስቦ አውሮፕላኑን በእጃቸው አስይዞ ማሳየት፣ ካልተስማሙም ትቶ መመለስ ይገባል። ለቤተ ክርስቲያን ደን የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዙን ያስፈቅዱ፤ በቅዳሴ ሰዓት አያብርሩ፤ ጸበል ካለም የሚጠመቁ ሰዎች በምስሉ እንዳይገቡ መስመሩን ያርቁ።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አውሮፕላን ክንፉ ከላይ የተገጠመ፣ ሞተሩና ውልብልቢቱ ከኋላ የሆነ፣ ጎማ የሌለውና በሆዱ የሚያርፍ ነው። ውልብልቢቱ ከኋላ ሲሆን ምስሉ ውስጥ አይገባም፤ አፍንጫው መሬት ቢነካም አይሰበርም። በቆላ 1500 ግራም ይችላል የተባለውን አውሮፕላን በደብረ ማርቆስ ከ1200 ግራም ባያሳልፉት ይመረጣል፤ ያን ጊዜ በቆላ የነበረውን የበረራ ፍጥነት ያገኛሉ። ስለዚህ ከጌጥ መብራት፣ ከትርፍ ሽቦና ከከባድ ባትሪ ይቆጠቡ። ስስ አየር ውልብልቢቱንም ስለሚያላላው፣ ከፋብሪካው ከተመከረው በአንድ ኢንች የሚበልጥ ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አጭር በረራ እንዳበቃ ሞተሩን በእጅ ይዳስሱ፤ ጣት የማያስነካ ከሆነ ውልብልቢቱ በዝቶበታል።

ካሜራን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። እንደ ጎፕሮ ያሉት ቀላልና ጠንካራ ናቸው፤ ሆኖም ምስሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብቡት፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቀጥ ያለው የእርከን መስመር እንደ እባብ ተጣሞ ይወጣል፤ ሌንሳቸውም ሰፊ ስለሆነ የምስሉን ዳር ያጎብጣል። እኔ የምመርጠው የቆየ የኪስ ካሜራ ነው። በተለይ በብዙዎቹ የካነን የኪስ ካሜራዎች ላይ ሲኤችዲኬ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በሜሞሪ ካርዱ ላይ በመጫን፣ ካሜራው በየሁለት ሰከንዱ በራሱ እንዲያነሣ ማድረግ ይቻላል።

ካሜራው የሚታሰርበት ቦታ የአውሮፕላኑ ሚዛን የሚያርፍበት ነው፤ ይኸውም ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ሲለካ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር ከተጫነ በኋላ አውሮፕላኑን በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር በዚያ ቦታ ደግፈው ያንሡት፤ አፍንጫው በጥቂቱ ወደ ታች ቢያዘነብል ደኅና ነው፤ ጭራው ቢወድቅ ግን ባትሪውን ወደ ፊት ሳይገፉ አያስነሡት። በሆዱ ላይ ለሌንሱ ቀዳዳ ይቁረጡ፤ ሲያርፍ ሌንሱ አፈር እንዳይነካ ከሁለት ሴንቲሜትር ያላነሰ ወደ ውስጥ ይግባ። በካሜራውና በፎሙ መካከል ለስላሳ ስፖንጅ አድርገው ከብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ያስሩት፤ ጎማው እጅግ ከጠበቀ ስፖንጁ ተጨምቆ ንዝረቱን ያሳልፋል። የንዝረቱ ምንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ የተዛባ ውልብልቢት ነው። በቀጭን ሽቦ መካከሉን ሰክተው ሲለቁት አንዱ ክንፉ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚዞር ከሆነ፣ ሌላኛው ላይ ትንሽ ስኮች በመለጠፍ ያስተካክሉት። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ውድ ካሜራ ከመግዛት ይበልጣል።

የሻተሩን፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ፍጥነት በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ላይ ይቆልፉ፣ ፎከሱን ወደ ሩቅ ያድርጉ፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) በጠራ ቀን ከ100 እስከ 200 ይተዉት። ፍጥነቱ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ 1.5 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ በአንድ 250ኛ ሰከንድ ግን 6 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የተለመደው የኪስ ካሜራ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር የሚሆን የምስል መቀበያና ያለ ዙም 4.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን የሌንስ ርቀት ስላለው፣ ከ100 ሜትር ከፍታ 137 በ100 ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት ይሸፍናል፤ ወርዱ 4000 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ከሆነ እያንዳንዱ ፒክስል 3.4 ሴንቲሜትር መሬት ያሳያል ማለት ነው። እንግዲህ 1.5 ሴንቲሜትር መንሸራተት አይታይም፤ 6 ሴንቲሜትር ግን የዛፉን ቅጠል ወደ አረንጓዴ ጭጋግ ይለውጠዋል።

አንድ ምስል ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ይህ ይበቃል። ደኑንና ዙሪያውን በአንድ ካርታ ለማዋሐድ ከታሰበ ግን ምስሎቹ መደራረብ አለባቸው፤ ከፊትና ከኋላ ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ከጎን ወደ 65 በመቶ መሆን ይኖርበታል። የምስሉ ረጅም ጎን ለበረራው መስመር አግድም ሆኖ በየሁለት ሰከንዱ ቢነሣ፣ በ15 ሜትር ፍጥነት በሁለት ምስሎች መካከል 30 ሜትር ይኖራል፤ ይህም ከ100 ሜትር ከፍታ 70 በመቶ፣ ከ120 ሜትር ከፍታ ደግሞ 75 በመቶ መደራረብ ይሰጣል። ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት ከፍታ 120 ሜትር ስለሆነ እኔም ከዚያ አላልፍም። መስመሮቹ በ50 ሜትር ቢራራቁ፣ 300 በ300 ሜትር የሆነ ቦታ በሰባት መስመር ይሸፈናል፤ ከመዞሪያው ጋር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስሱ አየር እዚህም ላይ ይመጣል፦ ክብደቱ ካልተቀነሰ በደጋ አውሮፕላኑ ሳያውቁት ፈጥኖ ስለሚሄድ፣ በቆላ 75 በመቶ ይደራረብ የነበረው ወደ 72 ዝቅ ይላል። ነፋስ ከኋላ 5 ሜትር ከጨመረበት ደግሞ በ100 ሜትር ከፍታ 60 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ መስመሮቹን ነፋሱን በአግድም የሚያቋርጡ ያድርጓቸው።

የበረራ ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ጭሱ ከጣሪያው ሥር ሲጋደም ግን አውሮፕላኑን ከሳጥኑ አያውጡ። በማለዳ ጥላው ስለሚረዝም የእርከኑና የቦረቦሩ ቅርጽ ጎልቶ ይታያል፤ ለካርታ ግን ጥላው ያጠረበት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሻላል። ከወራቱ መስከረምና ጥቅምት በዝናብ ታጥበው የጠሩ ናቸው፤ ኅዳር ደግሞ ጤፉ ሲቢጫ ደኑን ከማሳው በግልጽ ይለየዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ አቧራና ጭስ ሰማዩን ስለሚሸፍን ትርፉ ትንሽ ነው።

ለማስነሣት ረዳት ይኑርዎት። ረዳቱ አውሮፕላኑን ከሆዱ ይዞ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ አግድም በኃይል ይወርውር፤ ሞተሩን እጁ ከተለቀቀ በኋላ ብቻ ይክፈቱ፤ ከኋላ ያለው ውልብልቢት ጣት ይቆርጣልና። ከመወርወሩ በፊት ሪሞቱንና ሦስቱን የመሪ ክንፎች ይፈትሹ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲጠፋ አድርገው ያስተካክሉ።

ለማረፊያ የሚመረጠው ታጭዶ የተነሣ የጤፍ ማሳ ነው፤ ገለባው ሆዱን ይደግፈዋል። በቆላ 50 ሜትር የሚበቃ ከሆነ በደብረ ማርቆስ ከ80 ሜትር ያላነሰ ክፍት ቦታ ይፈልጉ። የመጀመሪያውን አውሮፕላኔን የሰበርሁት ይህን ባለማወቄ ነው፤ ለወትሮው በማርፍበት ርቀት ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ስጠብቅ፣ አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ በማሳው ጫፍ አልፎ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባ። ካሜራው ተረፈ፤ በሜሞሪው ላይ የቀረው የመጨረሻ ምስል የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ፍጥነቱን ለመቀነስ ብለው አፍንጫውን ወደ ላይ አይሳቡት፤ ክንፉ የሚደግፈው አየር አጥቶ አውሮፕላኑ በድንገት ይወድቃል።

ወደ ደጀን ወርደው የዓባይን ሸለቆ ለማንሣት ያሰቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከገደሉ አፋፍ የተነሣ አውሮፕላን ከፍታውን የሚለካው ከተነሣበት ቦታ ነው፤ የሸለቆው ጥልቀት ከ1000 ሜትር ስለሚበልጥ፣ መሣሪያው 100 ሜትር ሲል ከሥሩ ያለው መሬት ከዚያ እጅግ ይርቃል፤ ስሌቱም ሁሉ ይፈርሳል። ፀሐይ ግድግዳውን ስታሞቅ የሚነሣው አየር አውሮፕላኑን ያንሳፍፈዋል፤ ከአፋፉ ጀርባ ያለው ደግሞ ወደ ታች ይጫነዋል። ቢያንስ ሃያ በረራ በሜዳ ሳያደርጉ እዚያ አይሂዱ። ጭልፊት ሲመጣበት ደግሞ ሞተሩን ከፍተው ወደ ላይ ይሽሹ፤ ጭልፊት የሚያጠቃው ከላይ እየወረደ ስለሆነ ከእርሱ በላይ መሆን ይበጃል።

ባትሪው ሊቲየም ፖሊመር ነው፤ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ሲሆን፣ በበረራ ላይ ከ3.5 በታች ሳይወርድ ይረፍ። የሚቀመጥ ከሆነ በ3.8 ቮልት ገደማ ይተዉት። ሲሞሉት በሸክላ ድስት ውስጥ አድርገው ከሚቀጣጠል ነገር ያርቁት፤ ያበጠውን ባትሪ አይጠቀሙበት።

ምስሎቹን ለማዋሐድ ኦፕን ድሮን ማፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያገለግላል። ከበረራው በፊት ከነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቆርጠው በማሳው አምስት ቦታ በድንጋይ ያስጠብቁና የእያንዳንዱን መገኛ በጂፒኤስ ይመዝግቡ፤ ከ100 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ጆንያ በምስሉ 15 ፒክስል ያህል ስለሚይዝ ይታያል። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ነጥቦችን ከምስል ወደ ምስል እያዛመደ ስለሚሠራ ውሃ ላይ ይሳነዋል፤ በዘጌ ወይም በጣና ዳርቻ ያነሡ ከሆነ የሐይቁ ክፍል በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። የደኑን ዳር በሚመጣው ዓመት ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው፣ ዋናዎቹን ምስሎች ሳይነካ ከቀኑና ከጆንያዎቹ መገኛ ጋር ያስቀምጥ፤ ጆንያዎቹንም ወደዚያው ቦታ ይመልስ።